«ሞተሯ አልተነካም» ሲሏችሁ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበውን ሁሉ ይመለከታል። ዕቁብ ደርሷችሁ፣ ብድር ተፈቅዶላችሁ ወይም ለዓመታት ያጠራቀማችሁትን ይዛችሁ ደላላ ፊት ልትቆሙ ከሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። መኪና የመግዛት ሐሳብ የሌላችሁም ብትሆኑ አብራችሁን ቆዩ፤ ነገ ዘመድ ወይም ጎረቤት «እስቲ አብረኸኝ እይልኝ» ማለቱ አይቀርም።

የምናወራው ስለ ሞተር ነው፤ በተለይ በአሮጌ መኪና ሞተር ላይ ስለሚገኙ የእጅ ሥራዎች። ኮፈኑ ሲከፈት «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚያሰኙ ለውጦች አሉ። ከባትሪ ተነሥቶ በጎማ ተጠቅልሎ የሚያልፍ ቀይ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ቡሎን የተወተፈበት ቱቦ፣ ከመሪው ሥር የተለጠፈ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ። ሻጩን ስትጠይቁት «እኔም እንዲሁ ነው የገዛኋት» ይላችኋል። ደላላው ደግሞ ከጎን ሆኖ «ሞተሯ አልተነካም» ይላል።

የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። እነዚህ ለውጦች በዘፈቀደ የተሠሩ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ለአንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው። መልሱ ሽቦ ወይም ቡሎን ሆኖ ዐይናችሁ ሥር ተቀምጧል፤ ችግሩ ግን ውስጥ ነው። የገዢ ሥራ የሚታየውን ይዞ የማይታየውን መጠየቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ በመጀመሪያ ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ እንይ።

አዲስ አበባ ከሞተር ጋር የተዋወቀችው ገና በለጋነቷ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ተበላሽቶ የቀረበት ሥፍራ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ተብሎ ይጠራል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ከተማ ያለ ሞተር ሁለት ችግር አጥቶ አያውቅም፦ መለዋወጫው ሩቅ ነው፣ የተሠራበትም አገር ከዚህ አገር አይመሳሰልም። ስለዚህ ኪያቤ የጨበጠ ሰው ባለው ነገር ብልሃት መፍጠር ነበረበት፤ የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ፊያቱም፣ ቮልሱም፣ ላዳውም፣ ኮሮላ ዲኤክሱም በዚሁ ብልሃት ነው ዕድሜያቸውን ያራዘሙት። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ስትወርዱ የምታገኙት ሶማሌ ተራ የዚህ ብልሃት ገበያ ነው። የወለቀ ካርቦራተር፣ የተፈታ ቴስታታ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ዲናሞ እዚያ ይገኛል። እዚያ የተማረ መካኒክ የአንዱን መኪና ዕቃ በሌላው ላይ ማገናኘት ያውቅበታል። ይህን እውቀት የምናቃልል አይደለንም። አገራችን ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ይዛ የምትንቀሳቀሰው በእነዚህ እጆች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ቤንዚን መኪና ዋጋው አልወደቀም፤ ባለቤቱም አይጥለውም። የማይጣል መኪና ይጠገናል፤ ትክክለኛው ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ደግሞ ጥገናው ወደ ማለማመድ ይሄዳል። ያ የተለማመደ ሞተር ነው በመጨረሻ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ለሽያጭ የሚቀርበው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የከተማችን ከፍታ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው። ፒስተን ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚስበው አየር ስስ ከሆነ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ፋብሪካው 80 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈባት መኪና ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥታ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ የቀራት 60 ገደማ ነው ማለት ነው። አምስት ሰው ጭናችሁ ዳገቱ ላይ ብታቃስት ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

ካርቦራተር ያለው መኪና ላይ ሌላም ነገር ይመጣል። አየሩ ሲሳሳ ካርቦራተሩ የሚያፈሰው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ነዳጁ ይባክናል። መካኒኩ ይህን አይቶ የነዳጅ ቀዳዳውን በትንሽ ቁጥር ይቀይራል፣ የብልጭታውን ጊዜ፣ ማለትም ታይሚንጉንም ጥቂት ወደፊት ያስቀድማል። ይህ አስተዋይ ሥራ ነው። በስስ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ ብልጭታውን ማስቀደም በእርግጥ ይረዳል።

ችግሩ የሚመጣው ያቺ መኪና ወደ ቆላ ስትወርድ ነው። በመተሐራ፣ በአዋሽ በኩል ድሬዳዋ ስትሄድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ለአዲስ አበባ የጠበበው ነዳጅ እዚያ ያንሳታል፤ የቀደመው ብልጭታ እዚያ ይፈጥንባታል። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ብዙ ካንኳኳ ፒስተን ይበላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስትገዙ «ካርቦራተሯ ተነካክቷል? ታይሚንጓስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ቢሆን አትሽሹ፤ ወደ ቆላ የሚያስኬድ ሥራ ካላችሁ ግን ከመጓዛችሁ በፊት አስተካክሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኮፈኑ እንግባ። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ ለሽያጭ ቆማ ያየኋትን አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ ልግለጽላችሁ። ቀለሟ ነጭ ነው፤ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ሞተሯ በናፍጣ ታጥቦ ያበራል። ከባትሪው ላይ የተነሣ ቀይ ሽቦ በራዲያተሩ ራስ በኩል አልፎ በቀጥታ ፋኑ ውስጥ ይገባል። ከፋኑ የተነሣ ሌላ ሽቦ በሞተሩና በጓዳው መካከል ያለውን ላሜራ በስቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ሥር ባለ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ይታሰራል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሞተሩ ሲነሣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች አልላወስ አለ።

ሦስት ነገር አየን፤ ሽቦ፣ ክዳን፣ ቀስት። ሦስቱም የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮች ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ የምትቀቅል እናት ባቄላው እዚህ ከቆላው ይልቅ ለመብሰል እንደሚዘገይ ታውቃለች፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ሲሠራ ውኃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስለሚያፍነው ነው። ክዳኑ በውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ የውኃው መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃውም 92 ላይ ይንተከተካል። ባሕር ዳርቻ ላይ ብዙም የማያስቸግር የደከመ ክዳን እዚህ መኪናውን ዳገት ላይ ያስቆመዋል።

ባለቤቱ ጋራዥ ይሄዳል። «ታፈላለች» ይላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ በር ናት። ሞተሩ ብርድ ሲሆን ትዘጋለች፤ ውኃው 80 ዲግሪ አልፎ ሲሞቅ ትከፈትና ወደ ራዲያተር ትለቃለች። በሩ ሲነሣ ውኃው ያለማቋረጥ ይዘዋወራል፤ መፍላቱም ለጊዜው ይቀንሳል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ትኩሳት ያለበትን ሰው ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ሥራ እንደመላክ ነው፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው።

ከዚያ ምን ይሆናል? በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ መርካቶ ደርሶ ይመለሳል። ብርድ ሞተር ነዳጅ ይበላል። ካርቦራተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም። ኢንጄክሽን ያለው ከሆነ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ መጨመሩን ይቀጥላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፤ ቀጭን ዘይት ፋሻን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ እንዲሁም ብሮንዚናን ያስበላል። ቴርሞስታቱን በማውጣት የዳነ የሚመስለው ሞተር በዚህ መንገድ ቀስ እያለ ያልቃል።

ሌላም አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ የሚዞርበትን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ብርድ የሆነችው መኪና ረጅም ዳገት ሲገጥማት ተመልሳ ትፈላለች። እንጦጦን ስትወጣ የምትፈላ፣ ፒያሳ ላይ ግን ቀስቷ የማይነሣ መኪና ካያችሁ ይህን አስቡ።

ቀዩ ሽቦስ? ፋኑ በራሱ የሚነሣው ሙቀት የሚያይ ማብሪያ ስላለው ነው። ያ ማብሪያ ወይም ሪሌው ሲሞት ትክክለኛውን መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ይሳባል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ከሙቀት መጠበቅ የሹፌሩ የማስታወስ ችሎታ ላይ ይወድቃል። ሹፌሩ ስልክ እያነጋገረ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ፣ ማብሪያውን ቢረሳ ቴስታታው ይቆለመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። አዲስ ባለቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይረሳል፤ ማንም አልነገረውምና።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሥታችሁ በቆመበት ሚኒሞ ላይ ተዉት። በሜካኒካል ቺንጋ የሚዞር ፋን ካለው በቀር፣ ሙቀቱ ወደ መካከል ሲደርስ ፋኑ ማንም ሳይነካው መነሣት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራሱ መቆም አለበት። ካልተነሣ ወይም ቀስቱ ከታች ካልተንቀሳቀሰ ጠይቁ። የራዲያተር ክዳን ግን ሞተር ሲሞቅ በፍጹም አትክፈቱ። የታፈነው ውኃ ፊት ያቃጥላል። ክዳኑን የምታዩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ በፊት ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ዝገት የመሰለ ቡኒ ከሆነ ኩላንት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። የዘይት ቅባት የሚንሳፈፍበት ከሆነ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ላይ ጥርጣሬ ይኑራችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁለተኛው እንቆቅልሽ እንለፍ፤ ቡሎን የተወተፈበት ቱቦ።

በማንኛውም ሞተር ውስጥ ከፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ ጥቂት ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ራስ ላይ ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ ወደ አየር ማጣሪያው ይገባል፤ ጋዙም ተመልሶ ይቃጠላል። ፋሻው ሲያልቅ ጋዙ ይበዛል፤ ዘይትም ይዞ ይወጣል። ማጣሪያው በዘይት ይርሳል፤ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ሊሸጥ ያሰበ ሰው ቱቦውን ነቅሎ ወደ መሬት ያዞረዋል፤ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ቀዳዳ ደግሞ በቡሎን ይወትፈዋል። ጭሱ ከማርሚታው ይቀንሳል፤ ማጣሪያው ንጹሕ ይሆናል። ቱቦው ራሱ ከተደፈነ ደግሞ ይብሳል፤ ግፊቱ ዘይት የሚይዙትን ጎማዎች ገፍቶ በየአቅጣጫው ያንጠባጥባል።

እዚህ ላይ የምታደርጉት ይኸው ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈቱ። ትንሽ እንፋሎት ቢታይ ያለ ነው። ጢሱ እንደ ማርሚታ ቡፍ ቡፍ እያለ የሚወጣ፣ ክዳኑንም ወደ ላይ የሚያነሣ ከሆነ ግን ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። የዘይት መለኪያውንም ዘንግ አውጡ። ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍሮ እንደ ማር የሚለጠፍ ከሆነ ድምፅና ጭስ ለመደበቅ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ዘይት ለአንድ ሳምንት ያማረ ድምፅ ይሰጣል።

ስለዚህም መኪና የምታዩት ጠዋት፣ ሳትነሣ ይሁን። «አትቀስቅሷት፣ እኔ ስመጣ ትነሣለች» በሉ። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው አሙቋታል።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ የዳሽቦርድ መብራት ነው። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሡ አብሩት። ቀዩ የዘይት መብራት፣ ቀዩ የባትሪ መብራትና፣ ኢንጄክሽን ባላት መኪና፣ ቢጫው የሞተር መብራት ሁሉም መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም መጥፋት አለባቸው። ቢጫው ከመጀመሪያው ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል። አንዳንዱ ከዚህ ይራቀቅና ሽቦውን ከዘይት ወይም ከባትሪ መብራት ጋር ያጣምረዋል፤ አብሮ እንዲበራና አብሮ እንዲጠፋ። ለዚህ ዐይን ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተር ያላትን መኪና ኮምፒውተር ሰክቶ በሚያነብ ባለሙያ አስነብቡ፤ ለምርመራው የምትከፍሉት ኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

(አጭር ሙዚቃ)

አራተኛው ትልቁ ነው፤ ሞተሩ ራሱ የተቀየረ መኪና።

ሞተር መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም። የተቃጠለ ሞተርን ከማደስ ይልቅ ደህና ሞተር መግጠም አንዳንዴ የተሻለ ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አለው፤ አንዱ የሕግ፣ ሌላው የሕይወት።

የሕጉ ይኸው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፈዋል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ፣ ቁጥር 681፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው፣ መኪና እንዲመረመርና እንዲመዘገብ የሚያዘው ማንነቱ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ይዛችሁ የሞተሩን ቁጥር ወልውሉና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ካልገጠመ ሻጩ ሞተሩ የተገዛበትን ሰነድና ዲክላራሲዮን ያምጣ፤ ለውጡም በመንገድ ትራንስፖርት ተመዝግቦ ሊብሬው ከተስተካከለ በኋላ ተዋዋሉ። «ስም ሲዛወር እናስተካክለዋለን» የሚለውን ቃል አትመኑ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

የሕይወቱን ጥያቄ በጥሞና ስሙኝ። በአሮጌ ፒክአፖችና በላንድሮቨሮች ላይ የቤንዚን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ መግጠም የታወቀ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ናፍጣ ሞተር በአንድ ሊትር ብዙ ይሄዳል፣ ጉልበቱም ዝቅ ባለ ዙር ይገኛል። ግን የፍሬን ነገር አለ። ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዝ ክብ ሳጥን አለ፤ ሰርቮ እንለዋለን። ይህ ሳጥን የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ነው። የቤንዚን ሞተር ይህን በተፈጥሮው ይፈጥራል። የናፍጣ ሞተር ግን የአየር መግቢያውን ስለማያንቅ አይፈጥርም። ስለዚህ ፋብሪካ የሠራው ናፍጣ መኪና ለዚሁ የተለየ ፖምፓ አለው፤ በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ኋላ የተገጠመው እሱ ነው። ለዋጩ ሞተሩን ገጥሞ ይህን ፖምፓ ከዘነጋ ወይም በሌላ ዲናሞ ከተካ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ከጊዮርጊስ ቁልቁል የምትወርድ መኪና ፍሬኗ ድንጋይ ሲሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም።

ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሡ ተጭናችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካልተንቀሳቀሰ አይሠራም፤ መኪናዋም ከቆመችበት ሳትነሣ ትጠገን። ሞተር ባልተቀየረላትም መኪና ላይ ይህን አድርጉ።

አምስተኛውን በአጭሩ ልበል፤ እሳት ነው። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱ። በፊውዝ ምትክ ሽቦ ወይም ብርማ የሲጋራ ወረቀት ካያችሁ አንድ መስመር ደጋግሞ ፊውዝ ሲያቃጥል ኖሯል ማለት ነው። ፊውዝ መቃጠሉ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ቤንዚን በጄሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ከኮፈኑ ሥር ተሰቅሎ ወደ ካርቦራተር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ፖምፓው ሞቷል ወይም ጋኑ ዝጓል። ከሞቀ ሞተር አጠገብ የተሰቀለ ቤንዚን ይዛ የቆመች መኪናን ልጅ አሳፍራችሁ መንዳት ቀርቶ ለሙከራም አትንዷት።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ «ታዲያ የተነካካ ሁሉ መጥፎ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። የተሠራውን ከተለማመደው የምትለዩባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የተጨመረው ሽቦ ትክክለኛ ፊውዝና ሪሌ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ሥራው ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል ወይ፣ ወይስ ተቆርጦ ተጥሏል? ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ለምን እንደተሠራ ያውቃል ወይ? «ሪሌው ስለተቃጠለ እገሌ ጋራዥ በዚህ ሪሌ ተካልኝ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ጥሩ ሰው አግኝታችኋል። «እንዲሁ ነው የገዛኋት» የሚለውን ግን መካኒካችሁ ይመርምርላችሁ።

መካኒኩ የእናንተ ይሁን። ደላላው ያመጣው፣ ሻጩ የሚያውቀው አይሁን። የሙከራ ጉዞውም ዳገት ይኑረው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣው፣ ወይም ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው መንገድ ጥሩ ፈተና ነው። ስትወጡ ሙቀቱን፣ ስትወርዱ ፍሬኑን፣ ጉዞው ሲያበቃ ከሥር የሚንጠባጠበውን እዩ። ዓመታዊ ምርመራ ማለፏና ቦሎ መለጠፏ መልካም ነው፤ ግን ቦሎ ቴርሞስታት መኖሩን አይነግራችሁም።

ውሉንም አስቡበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን በተረከበ ጊዜ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ «ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ሲገባ ምን እየፈረማችሁ እንደሆነ እወቁ። ከዚያ ይልቅ «ሞተሩ ላይ የተደረጉት ለውጦች የሚከተሉት ናቸው» የሚል አንድ አንቀጽ አስገቡ። ፋኑ፣ ቴርሞስታቱ፣ ካርቦራተሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። የደበቀው ነገር የሌለው ሻጭ ይህን አይፈራም።

በመጨረሻም ለመካኒኮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥራችሁን እናከብራለን። ዕቃ ጠፍቶ መላ ስትፈጥሩ የምትረዱት ሰው ዛሬ ፊታችሁ የቆመው ብቻ አይደለም። ያቺ መኪና ነገ ወደማታውቁት ሰው እጅ ትገባለች፤ ልጆች ይሳፈሩባታል። ስለዚህ የለወጣችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደገባ፣ ለምን እንደሆነ በአንድ ወረቀት አስፍራችሁ ከሊብሬው ጋር እንዲቀመጥ ለባለቤቱ ስጡት። ብዙ የማያስወጣ፣ ጊዜም የማይፈጅ ነገር ነው። ቀጣዩ መካኒክ ሦስት ቀን የሚፈልገውን በሦስት ደቂቃ ያገኘዋል፤ ገዢውም የሚከፍለው ላየው ነገር ይሆናል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን በፍሬንና በጎማ ላይ እንነጋገራለን። እስከዚያው መኪና የምታዩ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ፤ የምትሸጡም እውነቱን ተናግራችሁ ሽጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)